በሰማይ ያለች ላም፦ የወደቀ የቤዝቦል ቡድን ኮከቦቹን ሰጥቶ ይነሣል?

ኦገስት 2 ቀን 2022 የዋሽንግተን ናሽናልስ ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጠ። ሶቶ ያን ዕለት 23 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቡድኑ የመጀመሪያውን የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ልጁ 21 ዓመት የሞላው በዚያው የፍጻሜ ውድድር መሐል ነው። እንዲህ ያለ መቺ በአንድ ትውልድ አንዴ ቢገኝ ነው። እሱና ጆሽ ቤል ሄዱ፤ በምትካቸው ስድስት ተጫዋቾች መጡ። ከስድስቱ በዕድሜ የበሰለው አንዱ ብቻ ነበር። አምስቱ ከ18 እስከ 23 ዓመት የሆኑ ልጆች ነበሩ፤ የከተማው ሰው አብዛኞቹን በስም እንኳ አያውቃቸውም ነበር።

ማታ ከሥራ ስገባ የ14 ዓመቱ ልጄ ባለ 22 ቁጥሩን የሶቶን ማሊያ እንደለበሰ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። «አባዬ፣ ጎበዙን ለምን ይሰጣሉ? ሰነፎቹን አይሰጡም?» አለኝ። የማውቀውን ያህል መለስኩለት። መልሱ እሱን አላረካውም፤ እኔንም አላረካኝም።

እኔ ኳስ ያወቅሁት አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በጊዮርጊስና በቡና ነው። ቤዝቦልን ያስተማረኝ ሜሪላንድ የተወለደው ልጄ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል፤ እንደኔ በልጆቹ በኩል ወደዚህ ጨዋታ የገባ ወላጅም ብዙ ነው። ስለዚህ የልጄ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ይመስለኛል። የወደቀ ቡድን ለመነሣት የግድ መፍረስ አለበት? ኮከብን ለታዳጊ መለወጥስ መቼ ብልህነት፣ መቼ ጥፋት ነው? በዚህ ዳሰሳ ባለፉት 15 ዓመታት ቤታቸውን ያፈረሱትን ቡድኖች አንድ በአንድ አያለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መውረድ የሌለበት ሊግ

በእግር ኳስ ያደገ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ሆነ በአገራችን ሊግ መጨረሻ የወጣ ቡድን ይወርዳል። ያ ፍርሃት ባለቤቱንም አሠልጣኙንም እንቅልፍ ይነሣል። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል 30 ቡድኖች አሉ፤ አንዱም አይወርድም። በዓመት ከሚደረጉት 162 ጨዋታዎች መቶውን የተሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ቦታው ላይ ነው። ይባስ ብሎ ይሸለማል፤ ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶች በሚመረጡበት በድራፍት ቅድሚያ የሚሰጠው ለደካሞቹ ነው።

ሌላው ልዩነት የዝውውሩ ነገር ነው። በእግር ኳስ ተጫዋች በገንዘብ ይገዛል። በቤዝቦል በአብዛኛው ሰው በሰው ይለወጣል፤ በውሉ ውስጥ የተለየ መብት ካልያዘ ወይም ረጅም ዘመን ካላገለገለ በቀር ተጫዋቹ ፈቃዱን አይጠየቅም። ጠዋት ዋሽንግተን የነበረ ሰው ማታ ሻንጣውን ይዞ ካሊፎርኒያ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ነገሩን የሚዘውረው ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪያስቆጥር ድረስ የቡድኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚያገኘው ከሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ብዙም አይርቅም፤ ይህ ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍያው በግልግል እየተወሰነ ያድጋል። ስድስቱ ሲሞሉ ነጻ ነው፤ የከፈለው ይወስደዋል።

የልጄ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ደካማ የሆነ ቡድን ለማገገም አራት ዓመት ቢያስፈልገው፣ ኮከቡ ግን ሁለት ዓመት ብቻ የቀረው ቢሆን፣ ቡድኑ በሚጠነክርበት ቀን ኮከቡ የለም። ስለዚህ ቀሪዋን ሁለት ዓመት ዛሬ ለሚቸኩል ቡድን ይሰጥና ስድስት ሙሉ ዓመት የቀራቸውን ልጆች ይቀበላል። ሰነፉን ማንም አይቀበለውም። ዋጋ የሚያወጣው ጎበዙ ነው። በ1920ዎቹ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ የታዳጊ ቡድኖችን ሰንሰለት የዘረጋው ብራንች ሪኪ፣ ተጫዋችን አንድ ዓመት ዘግይቶ ከመስጠት አንድ ዓመት ቀድሞ መስጠት ይሻላል ይል እንደነበር ይነገርለታል። ሐሳቡ እንግዲህ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ችኩሉ ወገን ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ሁለት ልውውጦች በቂ ናቸው። በኦገስት 1990 ቦስተን ሬድ ሶክስ ላሪ አንደርሰን የተባለ አንጋፋ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ከሂዩስተን አመጣ። ሰውየው ለቦስተን የወረወረው 22 ኢኒንግ፣ ማለትም የጨዋታ ዙር፣ ብቻ ነው። በምትኩ የሄደው ወጣት ጄፍ ባግዌል ለሂዩስተን 449 ሆም ራን፣ ማለትም አጥር የሚሻገር ምት፣ መታ፤ በ2017 የክብር አዳራሽ ገባ። ሁለተኛው የራሳችን ቡድን ታሪክ ነው። ናሽናልስ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ከመምጣቱ በፊት ሞንትሪያል ኤክስፖስ ይባል ነበር። በ2002 ሊዘጋ ነው እየተባለ ሲወራ፣ ባርቶሎ ኮሎንን ለግማሽ የውድድር ዘመን ለማግኘት ክሊፍ ሊን፣ ግሬዲ ሳይዝሞርንና ብራንደን ፊሊፕስን ለክሊቭላንድ ሰጠ። ኤክስፖስ ለጥሎ ማለፉ ሳይደርስ ቀረ። ሦስቱ ልጆች ግን ሁሉም የኮከቦች ጨዋታ ተሰላፊ ሆኑ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኤክስፖስ የሚለቅመውም አልተረፈው።

የአፍራሾቹ ማስረጃ

ማፍረስ ይሠራል የሚል ሰው ሁለት ቡድኖችን ይጠራል፤ ቺካጎ ከብስንና ሂዩስተን አስትሮስን።

ቲዮ ኤፕስታይን ኃላፊ ሆኖ ወደ ከብስ የመጣው በ2011 መገባደጃ ነው። በ2012 ቡድኑ 101 ጊዜ ተሸነፈ፤ በ2013 ደግሞ 96 ጊዜ። በ2015 ግን 97 ጊዜ አሸነፈ። በ2016 ከ1908 ጀምሮ 108 ዓመት የራቀውን ዋንጫ አነሣ። ሂዩስተን የባሰ ወድቆ ነበር፤ ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ 106፣ 107 እና 111 ጊዜ ተሸነፈ። በሴፕቴምበር 2013 አንድ ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የተመልካች መለኪያው ዜሮ ነጥብ ዜሮ አስመዘገበ፤ በዚያች ትልቅ ከተማ ሊቆጠር የሚችል ሰው አላየውም ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ዋንጫው ሂዩስተን ገባ።

ከዚያ ወዲህ ደካማ ቡድን የያዘ ባለቤት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ይጠቅሳል። ደጋፊውንም «ታገሡ፣ ከብስም እንዲህ ነበር» ይለዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜ ነበር። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ከሂዩስተን እንጀምር። የ2017ቱ ቡድን ልብ የነበረው ሆዜ አልቱቬ በ2007 በ15,000 ዶላር ከቬኔዙዌላ የተፈረመ ልጅ ነው፤ በቁመቱ ምክንያት ብዙዎች ንቀውት ነበር። ፒቸሩ ዳላስ ካይክል በ2009፣ በፍጻሜው ውድድር ምርጥ የተባለው ጆርጅ ስፕሪንገር በ2011 ድራፍት መጡ። ሦስቱም በማፍረስ ሥራው የሚታወቀው ጄፍ ሉኖው በ2011 መጨረሻ ኃላፊ ሆኖ ከመሾሙ በፊት ቡድኑ ውስጥ ነበሩ። በእርግጥ በሽንፈት የተገኘው አንደኛ ምርጫ በ2012 ካርሎስ ኮሬያን አምጥቷል። የ2013ቱ አንደኛ ምርጫ ማርክ አፔል ግን ለሂዩስተን በሜጀር ሊግ አንድ ኳስ ሳይወረውር ቀረ፤ የ2014ቱ አንደኛ ምርጫም ጭራሽ ሳይፈርም ሄደ። ዋንጫውን ካጸኑት ሰዎች አንዱ ጀስቲን ቨርላንደር የተገኘው ቡድኑ ታዳጊዎቹን ሰጥቶ ውድ ደመወዝ ለመሸከም ሲስማማ፣ ኦገስት 31 ቀን 2017 እኩለ ሌሊት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩ ነው። የዚያ ዋንጫ ስምም ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። የተቃራኒ ቡድን ካቸር፣ ማለትም ኳስ ተቀባይ፣ ለፒቸሩ የሚሰጠውን ምልክት በካሜራ ይሰርቁ እንደነበር ታወቀና በጃንዋሪ 2020 ሊጉ ቡድኑን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፤ የሁለት ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫዎቹንም ወሰደበት።

የከብስ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ኤፕስታይን ስኮት ፌልድማን የተባለ ፒቸር በአንድ ዓመት ውል ቀጠረ፤ በጁላይ 2013 እሱንና አንድ ካቸር ለባልቲሞር ሰጥቶ ጄክ አሪዬታንና ፔድሮ ስትሮፕን ተቀበለ። አሪዬታ ባልቲሞር ሳለ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነበር። ቺካጎ ውስጥ የአወራወር ስልቱን አስተካክለውለት በ2015 የሳይ ያንግን ሽልማት፣ ማለትም የዓመቱን ምርጥ ፒቸር ክብር፣ ወሰደ። ለቺካጎ የጠቀመው ልውውጡ ብቻ አልነበረም፤ ልጁን ተቀብሎ የሚያስተምር ቤት መኖሩ ነው። ጊዜው ሲደርስም ባለቤቶቹ ኪሳቸውን ፈቱ፤ በ2014 መጨረሻ ለጆን ሌስተር 155 ሚሊዮን፣ ከዓመት በኋላ ለጄሰን ሄይዋርድ 184 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙ። በ2016 የበጋ ወራት ደግሞ ግሌይበር ቶሬስን የመሰለ ታዳጊ ሰጥተው አሮልዲስ ቻፕማንን አመጡ።

እንግዲህ ሁለቱ ምስክሮች ሲመረመሩ የሚሉት ይህን ነው። ዋንጫ ያመጣው ሽንፈቱ ሳይሆን ሦስት ነገር አንድ ላይ መገኘቱ ነው፤ ከውድቀቱ በፊት የነበረ ጥሩ ዘር፣ ልጅን የሚያሳድግ አሠልጣኝና በሰዓቱ የሚከፍል ባለቤት።

ፈርሶ የቀረ ቤት

ሦስቱ ሳይሟሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን እዚያው ቺካጎ፣ በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ይታያል።

በዲሴምበር 2016 የቡድን ኃላፊዎች ለዓመታዊ ስብሰባቸው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር ተሰብስበው ሳለ ዋይት ሶክስ በሁለት ቀን ሁለት ትልልቅ ልውውጥ አደረገ። ክሪስ ሴልን ለቦስተን ሰጥቶ ዮአን ሞንካዳንና ማይክል ኮፔክን ተቀበለ። አዳም ኢተንን ለዋሽንግተን ሰጥቶ ሉካስ ጂዮሊቶን ጨምሮ ሦስት ፒቸሮችን ወሰደ። የያኔ ተንታኞች ለቺካጎ አጨበጨቡላት፤ ካገኘቻቸው ልጆች አንዳንዶቹ በተስፋ ሰንጠረዡ አናት ላይ ነበሩ።

ከዚያስ? ሴል በ2018 ከቦስተን ጋር፣ ኢተን በ2019 ከዋሽንግተን ጋር ዋንጫ አነሡ። ዋይት ሶክስ በ2020 እና በ2021 ለጥሎ ማለፉ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ተጋጣሚው ተሸነፈ። ቀስ በቀስ ጉዳት በዛ፤ ከተጎዱት ጀርባ ቆሞ የሚጠብቅ ተተኪ አልነበረም። ባለቤቱም በመክፈቻው ሰዓት በሩን አልከፈተም፤ ያኔ በቡድኑ ታሪክ ትልቁ የነበረው ውል በ2023 መጀመሪያ የተፈረመው የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ነው። ከከብስ 184 ሚሊዮን ጋር ያነጻጽሩት። በ2024 ዋይት ሶክስ 121 ጊዜ ተሸነፈ። ኒው ዮርክ ሜትስ በ1962 ያስመዘገበውንና 62 ዓመት የቆየውን የዘመናዊ ቤዝቦል የ120 ሽንፈት ክብረ ወሰን ሰበረ።

ከዚህ የሚከፋውን ልጨምር። ከ2022ቱ የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ወዲህ የድራፍቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቦታዎች በዕጣ ይወሰናሉ። መጨረሻ የወጡት ሦስት ቡድኖች ለአንደኛው ቦታ ያላቸው ዕድል እኩል 16.5 ከመቶ ነው፤ በየዓመቱ ከዕጣው መጠቀምም ተከልክሏል። በዚህ ሕግ ምክንያት 121 ጊዜ የተሸነፈው ዋይት ሶክስ በ2025 የመረጠው አሥረኛ ሆኖ ነው። አንደኛ የመምረጥ ዕድሉ ከመጨረሻ ቦታ ርቃ ለነበረችው ለዋሽንግተን ወጣላት፤ ኢላይ ዊሊትስ የተባለ የ17 ዓመት ሾርትስቶፕ፣ ማለትም የውስጥ መስክ ተከላካይ፣ መረጠች። ሆን ብሎ መሸነፍ ድሮም አሳፋሪ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ትርፉም ቀንሷል።

ድራፍቱ ራሱስ? በቅርጫት ኳስ አንድ ጎረምሳ ቡድን ይለውጣል። በቤዝቦል አንደኛ የተመረጠውም ለዓመታት በማይነር ሊግ፣ ማለትም በታዳጊ ቡድኖች ውስጥ ይከርማል፤ ቢሳካለትም ከዘጠኝ መቺዎች አንዱ ወይም በአምስት ቀን አንዴ የሚወረውር ፒቸር ነው የሚሆነው። ኮከቡ ማይክ ትራውት በ2009 የተመረጠው 25ኛ ሆኖ ነው። የዲትሮይቱ ኮከብ ፒቸር ታሪክ ስኩባል በ2018 በዘጠነኛው ዙር ነው የተገኘው። ዓይን ያለው ሰው ከታችም ያገኛል፤ ዓይን የሌለው አንደኛ ሆኖም ይስታል።

ሳያፈርሱ የሚያድሱ

ሶቶ ከመሄዱ አንድ ቀን በፊት፣ ኦገስት 1 ቀን 2022፣ ያው ሳን ዲዬጎ ከሚልዋኪ ብሩወርስ ጆሽ ሄደርን ወሰደ። ሄደር ጨዋታ ከሚዘጉት ፒቸሮች ቁንጮ ነበር፤ ብሩወርስም በምድቡ አንደኛ ሆኖ እየመራ ሳለ ነው የሰጠው። መልበሻ ክፍሉ ተከፋ። ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ከጥሎ ማለፉ ቀረ። የሚልዋኪ ደጋፊ ያን ዓመት የተቆጣውን ያህል እኔም በሶቶ ተቆጥቻለሁና እረዳዋለሁ።

ይሁን እንጂ ከሄደር ልውውጥ የመጣው ኢስቴሪ ሩዊዝ በዚያው ዲሴምበር ወደ ኦክላንድ ተላከ፤ በሦስት ቡድኖች መካከል በተደረገው በዚያ ልውውጥ ሚልዋኪ ዊልያም ኮንትሬራስን አገኘ። ኮንትሬራስ ዛሬ ከሊጉ ምርጥ ካቸሮች ተርታ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ዋናው ፒቸር ኮርቢን በርንስ ወደ ባልቲሞር ሄደ፤ በምትኩ የመጣው ጆይ ኦርቲዝ በመስኩ መሐል ቆመ። ብሩወርስ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በ2025 97 ጊዜ አሸንፎ ከመላው ሊግ ቀዳሚ ሆነ። ሚልዋኪ ከሊጉ ትናንሽ ገበያዎች አንዷ ናት፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው አንዴም መቶ ጊዜ ሳትሸነፍ ነው።

የዚህ መንገድ ደካማ ጎንም አለ። ብሩወርስ በታሪኩ ወርልድ ሲሪስ የደረሰው አንዴ፣ በ1982 ነው፤ ዋንጫም የለውም። በ2025 በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አራት ለዜሮ ተሸንፎ ቀረ። ግን አስቡት፤ የሚልዋኪ አባት ልጁን ይዞ ስታዲየም በሄደ ቁጥር የሚያሸንፍ ቡድን ነው የሚያየው። ዋንጫው ቢቀር እንኳ ልጁ በጋውን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። እኔ ይህን ቀላል ነገር አልለውም።

ሌላው መንገድ የቴክሳስ ሬንጀርስ ነው። በ2021 102 ጊዜ ተሸነፈ። በዚያው ክረምት ለኮሪ ሲገር 325 ሚሊዮን፣ ለማርከስ ሰምየን 175 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በ2023 ዋንጫውን አነሣ። ደካማ ቡድን በትዕግሥት ብቻ ነው የሚነሣው የሚለውን ስብከት ቴክሳስ በሁለት ዓመት አፈረሰው። ገንዘብ ሁልጊዜ እንዲህ አይሠራም፤ ሠርቶ ያውቃል ለማለት ግን ይበቃል።

ጎረቤታችን ባልቲሞር

ከእኛ አርባ ማይል ላይ ያለው ኦሪዮልስ የሁለቱም ዓለም ነው። በ2018 115፣ በ2019 108፣ በ2021 110 ጊዜ ተሸነፈ። በዚህ መከራ ካቸሩን አድሊ ረችማንንና ሌሎች ወጣቶችን ሰበሰበ።

በ2022 ሳይታሰብ ማሸነፍ ጀመረ። በዚያች የኦገስት 1 ቀን ኃላፊዎቹ ትሬ ማንሲኒን ወደ ሂዩስተን ላኩት። ማንሲኒ በመጥፎዎቹ ዓመታት ሁሉ የቆየ፣ በ2020 የአንጀት ካንሰር ታሞ ድኖ የተመለሰ ሰው ነበር። ባልቲሞር አለቀሰች። ቡድኑ 83 አሸንፎ ለጥሎ ማለፉ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረው ቆመ። በቁጥር የሚያስቡት ልውውጡ ትክክል ነበር ይሉ ይሆናል። እኔ ግን አምስት ዓመት ሽንፈት የተሸከመ ሕዝብ ማሸነፍ በጀመረበት ሳምንት የሚወደውን ሰው መንጠቅ ስሕተት ነው እላለሁ። ቡድን የሚገነባው ለዚያ ሕዝብ ነውና።

በ2023 ኦሪዮልስ 101 ጊዜ አሸነፈ፤ በጥሎ ማለፉ ግን ያ በገንዘብ የተነሣው ሬንጀርስ ሦስት ለዜሮ አሰናበተው። በ2024 ካንሳስ ሲቲ ሁለት ለዜሮ አስወጣው። በ2025 75 ብቻ አሸንፎ 87 ተሸነፈ። ወጣቶቹ ጥሩ ነበሩ፤ ፒቸር ግን አነሰው። በርንስን ለአንድ ዓመት አምጥቶ ሲሄድበት ክፍተቱ ባዶ ቀረ። ግማሽ ድረስ የተሠራ ቤት ጣሪያ ሳይለብስ ክረምት ገባበት።

የዋሽንግተን ሒሳብ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። ናሽናልስ አንዴ ወድቆ በደንብ የተነሣ ቡድን ነው። በ2008 እና በ2009 ከመቶ በላይ ተሸንፎ ስቲቨን ስትራዝበርግንና ብራይስ ሃርፐርን በአንደኛ ምርጫ አገኘ። በ2012 98 ጊዜ አሸነፈ። በ2019 በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምሮ ዋንጫውን አነሣ፤ ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ ሲያሸንፍ አራቱንም ድል ያገኘው በሂዩስተን ሜዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሒሳብ ያማል። ስትራዝበርግ ከዋንጫው በኋላ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ በጉዳት ምክንያት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወረወረ። በጁላይ 2021 ቡድኑ ስምንት ነባር ተጫዋቾችን በተነ፤ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር አብረው ወደ ዶጀርስ ሄዱ። በምትካቸው ከመጡት ፒቸሩ ጆሳያ ግሬይ በ2023 የኮከቦች ጨዋታ ደርሶ በሚቀጥለው ዓመት ክርኑ ቀዶ ጥገና ገባ፤ ካቸሩ ኬይበርት ሩዊዝ የስምንት ዓመት ውል ተሰጥቶት የተጠበቀውን ያህል አላደገም። በጥቅሉ ሁለት ኮከብ ሰጥቶ አንድም ኮከብ አልተረፈውም።

የሶቶ ልውውጥ ግን ሌላ ነው። በወቅቱ እንደተዘገበው ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም አለ፤ ትክክልም ነበር፤ በዲሴምበር 2024 ሜትስ 765 ሚሊዮን ሰጠው። ሲሄድ ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶት ስለነበር ዋጋው ሙሉ ነበር። ሃርፐር ጊዜውን ጨርሶ በ2019 ወደ ፊላዴልፊያ ሲሄድ ግን ለዋሽንግተን የቀረላት ካሣ የድራፍት ምርጫ ብቻ ነው። ከሶቶ ምትክ ሲ ጄ ኤብራምስ በ2024፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ውድ በ2025 የኮከቦች ጨዋታ ተሰላፊ ሆኑ። ሲመጣ የ19 ዓመት ልጅ የነበረው ውድ በ2025 31 ሆም ራን መታ። አንድ ኮከብ ሰጥቶ ሦስት ኮከብ ማግኘት እምብዛም አይታይም። ልጄ ያን ማታ የጠላው ልውውጥ፣ እንደ ልውውጥ፣ ከተደረጉት ምርጦች አንዱ ሆኖ ወጣ።

ታዲያ ቡድኑ ምን ሆነ? በ2022 107 ጊዜ ተሸነፈ፤ በ2023 እና በ2024 እኩል 71 አሸነፈ፤ በ2025 ወደ 66 ወረደ። በጁላይ 2025 ዋንጫውን ያመጣው የቡድኑ ኃላፊ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ለእኔ የዚህ ዳሰሳ ቁልፍ ይህ ነው። ምርጥ ልውውጥ አድርጎም ቡድን ሳይነሣ መቅረት ይችላል። ከሌሎች ቡድኖች የመጡት ልጆች ሲበቅሉ፣ ዋሽንግተን በራሷ ድራፍት የመረጠቻቸውና በራሷ ታዳጊ ቡድኖች ያሳደገቻቸው ከጎናቸው ሊሰለፉ አልቻሉም። ባለቤቶቹ በ2022 ቡድኑን ሊሸጡ አስበው በ2024 ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ከሶቶ ልውውጥ ወዲህ እስከ 2025 ድረስም አንድም ትልቅ ኮከብ በረጅም ዘመን ውል ከውጭ አላመጡም። ዘሩ ጥሩ ነበር፤ እርሻው አልታረሰም፤ ውሃም አላገኘም።

ላሟን ከሰማይ ማውረድ

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል የአገሬ ሰው። ለወደቀ ቡድን ደጋፊ ታዳጊ ተጫዋች ማለት ይህች ላም ናት። በየክረምቱ ስሟን ይነግሩናል፤ ስንት ወተት እንደምትሰጥ ይተነብዩልናል፤ ጽዋችን ግን ባዶ ነው። ልውውጥ ላሟን ይሰጣል። ወደ ምድር የሚያወርዳት ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ እንደ ደጋፊ አንድን ልውውጥ ስመዝን የመጡትን ልጆች ደረጃ አስቀድሜ መጠየቅ ትቻለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ቡድን ባለፉት አምስት ዓመታት ማንን አሳደገ ብዬ ነው። አሪዬታን ባልቲሞር አልቻለበትም፤ ቺካጎ ቻለበት። አሳዳጊ የሌለው ቤት ኮከቡን ባይሰጥ ይሻለዋል፤ አስቀድሞ አሠልጣኝ ይቅጠር፣ ማይነር ሊጉን ያስተካክል። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ መካከለኛ ፒቸር ደመወዝ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የምጠይቀው ባለቤቱ መቼ እንደሚከፍል ነው። ማፍረስ ርካሽ ነው፤ ደመወዝ ይቀንሳል፤ የሊጉ የጋራ ገቢ ግን መምጣቱን አያቋርጥም። ለዚህ ነው ብዙ ባለቤት ማፍረሱን ወድዶ መገንባቱ ላይ የሚጠፋው። ደጋፊን ታገሥ የሚል ሰው የትዕግሥቱን ማብቂያ ዓመት አብሮ መናገር አለበት። ቀኑን የማይናገር ከሆነ እቅድ የለውም።

በመጨረሻም ለሚቀረው ሰው ምን እንደተረፈው እጠይቃለሁ። በሽንፈት ዓመታትም ቢሆን አንድ ልጅ ስሙን ጀርባው ላይ አትሞ የሚኮራበት ተጫዋች ቡድኑ ውስጥ መኖር አለበት። ሚልዋኪ ኮከብ በሰጠ ቁጥር ሌላ አቁሟል። ይህን ማድረግ የማይችል ቡድን ትውልድ ያጣል፤ ያንን ደግሞ በየትኛውም ድራፍት መልሶ አያገኘውም።

በ2025 በጋ ልጄን ይዤ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ወዳለው ስታዲየም ሄድኩ። 17 ዓመቱ ነበር፤ ሊረዝመኝ ምንም አልቀረውም። የሶቶ ማሊያ ስለጠበበው ለታናሽ እህቱ ሰጥቷታል። ውድ ኳሷን ከግራ መስክ አጥር ባሻገር ሲልካት ሁለታችንም ተነሥተን ጮህን። ቁጭ ስንል ልጄ «እሱስ እስከ መቼ ነው የኛ?» አለኝ። ውሉ ካልተራዘመ እስከ 2030 ማብቂያ ድረስ እንደሆነ ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ፤ አምስት ዓመት። «ይበቃል?» አለኝ።

ሶቶን ሲሰጡ እንዲህ አልጠየቀኝም ነበር። ያኔ ልጅ ነበር፤ አሁን ገብቶታል። እኔም ያኔ ያላገኘሁትን መልስ ነገርኩት። ቤቱን ዛሬ መሥራት ከጀመሩ ይበቃል። ውድን ለሦስት ሌሎች ልጆች ለመለወጥ የሚጠብቁት ከሆነ ግን ሃምሳ ዓመትም አይበቃም።